በእኔ ፈንታ የተባለ አሜን

«ምርቃት ምርቃት ነው፣ አሜን ያለው ማንም ይሁን ከአንድ ቤት አይወጣም» ነው የምትዪኝ? እንዴ ሩት! ኧረ በናትሽ! ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ኮርማ ታርዶ ቅርጫው ሲከፋፈል የእኔን መደብ ወንድማችን ማቲ አንስቶ ቢሄድ «ያው ከአንድ ቤት አይወጣም» ብለሽ ዝም ትያለሽ? ሥጋ እንኳ ይቅር፣ ሥጋ ለከርሞም ይታረዳል። ይሄ ግን ምርቃት ነው። በእኔ ስም ተጠርቶ፣ ለእኔ ተብሎ ከአባታችን አፍ ወጥቶ፣ በማቲ ጉሮሮ ገባ። አንቺ ደግሞ ታላቅ እህት ሆነሽ «ምን አለበት» ትያለሽ። አለበት እንጂ!

በይ እሺ፣ ንዴቴ ቀድሞኝ ሰላም ሳልልሽ ገባሁበት። እንዴት ነሽ እህቴ? እንዴት ሰነበትሽ? ያ ራስ ምታትሽ ተወሽ ወይስ አሁንም ሻሽ አስረሽ ነው ቢሮ የምትገቢው? የሶዶ ዝናብ አባራ? እናታችንስ፣ አዬ፣ ጉልበቷ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ አሁንም «ኢየሱስ ጌታ ነው» እያለች ነው? አባታችንስ፣ አዋ፣ ዓይኑ እንዴት ሆነ? ሰው በድምፅ ነው የሚለየው ወይስ ትንሽ ትንሽ ጥላ ያያል? እንቅልፍስ ይወስደዋል? ላሟስ? ውሻውስ? ማቲስ? ማቲ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱን ለምን እጠይቃለሁ፣ የእኔንም ጨምሮ ወስዷል።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፣ ካምፓላ ነኝ፣ ካምፓላም አውቃኛለች። ቅዳሜ ዕለት ከጭፈራ ቡድናችን ጋር ሠርግ ላይ ተጫወትን። ከበሮው ሲጀምር ወገቤን ትንሽ ነካ አደረግኩት፣ ትንሽ ብቻ፣ አዳራሹ በሙሉ ከወንበር ተነሳ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ መድረክ ላይ ወጣችና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለችኝ። ዘፋኛችን ሊድያ፣ ያቺ ሶዶ መርካቶ በኩል ያደገችው፣ «አጥንት የለህም ወይ ነው የምትልህ» ብላ ተረጎመችልኝ። «አጥንቴን አገሬ ዱቦ ትቼው ነው የመጣሁት በያት» አልኳት። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ሊድያ ግን «አንተ ጉራህን ቪዛ የሚጠይቀው የለም» አለችኝ። ቅናት ነው።

አሁን ለምን በወረቀት እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ። ቤት ያለው ስልክ የማቲ ነው። አንቺ ደግሞ የድምፅ መልእክት ስልክልሽ ቢሮ ውስጥ ጮክ አድርገሽ ነው የምትከፍቺው፣ ባለፈው ስትመልሺልኝ ጓደኞችሽ በእኔ ንዴት ከኋላሽ ሲስቁ ሰምቻለሁ። ይሄ ነገር የሚሳቅበት አይደለም። ከበሮ መቺያችን ቦጋለ ሚስቱ ልትወልድ ስለሆነ ወደ ቦዲቲ እየሄደ ነው፣ ወረቀቱን እጅሽ ላይ ያደርሰዋል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። በእጅ ጽሑፌም አትሳቂብኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ከዚህ በላይ ቢጽፍ ያኔ ነው የሚያስገርመው።

የጊፋታ ቀን እናንተ ጋ የሆነውን ታውቂያለሽ። እኔ ጋ የሆነውን ግን አታውቂም፣ «ዘጋብን» ብለሽ ነው የቀረሽው። ስሚኝ።

ነገሩ የጀመረው ናይሮቢ ነው። ያረፍንበት ቤት ዋይፋይ ነበረው፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ነገር ልክፈት ስትዪ ክቡ ይዞርልሻል፣ ይዞርልሻል፣ ሻይሽን ጠጥተሽ ስትመለሺም እየዞረ ነው። አንድ ስልክ የሚጠግን ኬንያዊ ልጅ አየልኝና «ችግሩ ዲኤንኤስህ ነው» አለኝ። ዲኤንኤስ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔ አውቃለሁ።

አንድ እንግዳ ዱቦ ላይ ከሚኒባስ ወርዶ የእኛን ቤት ፈለገ እንበል። የቤት ቁጥር የለን፣ የመንገድ ስም የለን። ምን ያደርጋል? ዓመለወርቅ ሱቅ ጎራ ብሎ «የአቶ ቦሼ ቤት የት ነው?» ይላል። ዓመለወርቅም ከሚዛኗ ቀና ሳትል «ከአቮካዶው ወዲህ፣ ቀዩ በር፣ ውሻው ይጮኻል እንጂ አይነክስም» ትለዋለች። አለቀ፣ ገባ። ግን እሷን ትቶ በረንዳ ላይ የሚቀመጡትን ሽማግሌ ቢጠይቅስ? መጀመሪያ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ቀጥሎ የአዋን አያት ታሪክ ያመጡለታል። ቤቱን ያሳዩታል፣ አያሳዩትም አይደለም፣ ግን እንግዳው እግሩ ይደርቃል። ስልክም እንደዚሁ ነው። የምትፈልጊውን ስም ስትጽፊለት ስሙን እንጂ ቤቱን አያውቅም። ሄዶ የሚጠይቀው አለ፣ እሱ ነው ዲኤንኤስ። ማንም ሰው በነፃ የሚጠይቃቸው ሰርቨሮች ደግሞ አሉ፣ ስማቸው ቁጥር ነው። አንዱ ስምንት አራት ጊዜ ነው፣ አንዱ አንድ አራት ጊዜ፣ ሌላው ዘጠኝ አራት ጊዜ። ልጁ የትኛው ቶሎ እንደሚመልስ የሚለካ መተግበሪያ ጫነልኝ። ልኬቱ ሚሊሰከንድ ይባላል፣ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ስንቱ አልፎ ሄዷል።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! የደረስንበት ከተማ ሁሉ ሻንጣዬን ሳላወርድ ነው የምለካው። የቡድኑ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ይሰለፉልኛል። አለቃችን ጋሽ እሸቴ እንኳ፣ ያ ኩሩ ሰውዬ፣ «ቃል፣ የእኔንም እስቲ አንዴ» ይሉኛል። የሚገርመው ምንድነው፣ ናይሮቢ ላይ አንደኛ የወጣው ኪጋሊ ላይ ሦስተኛ ሆነ። ዳሬሰላም ስንደርስ ደግሞ ከሁሉም ኋላ የነበረው ቀድሞ ተገኘ። ጠዋት ለክተሽ ከሰዓት ብትለኪም ይቀያየራል። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም የአገሩ የስልክ ድርጅት የራሱ ሰርቨር፣ ስም የሌለው፣ ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ። ሊድያን ጠየቅኳት፣ እሷ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምራለች። «ትልቅ ስለሆነ አይደለም የሚፈጥነው፣ ላንተ ቅርብ ስለሆነ ነው» አለችኝ። እሺ፣ ገባኝ። ሽማግሌው ቤታችን በር ላይ ቢቀመጡ ከዓመለወርቅ ይቀድማሉ ማለት ነው።

አሁን የምነግርሽን ለማንም እንዳትነግሪ። ቁጥሮቹ ሲሽከረከሩ ሰው ሁሉ ስልኩን የማይ ይመስለዋል። እኔ ግን ዱቦ ነኝ። አቮካዶው ሥር ነኝ። ታስታውሺያለሽ? ኔትወርክ የሚገኘው እሱ ላይ ብቻ ነበር። ስልኩን በፌስታል አድርገን ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ እናንጠለጥልና መልእክት እስኪገባ ከሥር ቁጭ ብለን ድንች ስንልጥ እንውል ነበር። ጢው ሲል ሁላችንም ቢላዋ ጥለን ግንዱ ላይ። ያኔም ቀድሞ የሚወጣው ማቲ ነው፣ ዝንጀሮ። አንዴ ከነስልኩ ወድቆ አዬ ሮጣ መጣችና መጀመሪያ ያነሳችው ስልኩን ነበር። ማቲ መሬት ተኝቶ «እኔስ?» ሲል አንቺ በሳቅ የድንቹን ውኃ ደፋሽው። መልእክት ለመግባት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፣ ግን ሲገባ ስድስት ጆሮ ይሰማው ነበር። እዚህ ስልኬ ሳልጠይቀው ይመልሳል፣ የሚደውልልኝ ግን የለም።

ደግሞ ደመናው ከዳሞታ ተራራ ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ። ዝንጅብሉ ሸራ ላይ ተሰጥቶ፣ አዬ ሰማዩን አይታ «ተነሱ!» ብላ ስትጮህ፣ ሁላችንም ጥግ ጥጉን ይዘን ስንሮጥ። ያ ሽታ እዚህ የለም። ዝናብ አለ፣ ካምፓላም ይዘንባል፣ ግን ዝናቡ ዝናብ ብቻ ነው። ጊፋታ ሲደርስ ዳጣው ሲወቀጥ ዓይናችን እያለቀሰ በጣት ከድንጋዩ ላይ እየላስን፣ አዬ እጃችንን እየመታች። ዳሬሰላም ላይ ናፍቆኝ ቃሪያና ሚጥሚጣ ገዝቼ በጠርሙስ ፈጨሁ። ለጋሽ እሸቴ አቀመስኳቸው። ሰውዬው ላባቸውን እየጠረጉ «ልጄ፣ ይሄ ዳጣ አይደለም፣ የሚያስከስስ ነው» አሉኝ። ድንጋዩ ነው እንጂ የጎደለው እኔማ እችላለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የጊፋታ ቀን ኪጋሊ ነበርን። ከሰዓት ትርዒት ስላለን የመድረክ ልብሴን፣ ቀይ ጥቁር ቢጫውን፣ ለብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ። የደወልኩት በዳታ ነው። ሁላችሁንም አየኋችሁ። አዬ ፀጉሯ ላይ ቅቤው ገና አልቀለጠም ነበር። ሙቹዋው፣ ያ በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ ከነገበቴው ሲያልፍ አየሁት፣ አንቺ ሆን ብለሽ ነው ካሜራው ፊት ያሳለፍሽው። አዋ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ማቲ ስልኩን ፊቱ ላይ ይዞለት። ከዚያ አዋ እጁን አነሳ። የአዋን እጅ ታውቂዋለሽ፣ አንዴ ከተነሳ አሜን ሳይባልለት አይወርድም። «ልጄ ቃለሕይወት» አለ። ስሜን ሙሉውን ጠራው ሩት። አዋ እኔን በሙሉ ስሜ የሚጠራኝ ሊገርፈኝ ሲል ብቻ ነበር እኮ። «የሄድክበት መንገድ ይቅናህ» አለ። አሜን አልኩ። «የባዕድ አገር ሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ» አለ። አሜን አልኩ። «የረገጥከው መሬት…» ሲል ዳታው አለቀ።

አፉ እንደተከፈተ፣ እጁ እንደተነሳ ቀረ። ምስሉ ደረቀ። እኔ ለደረቀው ምስል አሜን፣ አሜን እላለሁ። ወዲያው ወደ ሆቴሉ ዋይፋይ ቀየርኩት። የሆቴሉ ዋይፋይ ደግሞ መጀመሪያ የክፍልሽን ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ያመጣል፣ እሱን ሳትሞዪ አያሳልፍም። ገጹ እምቢ አለ። አይመጣም። ለምን ብትዪ፣ እኔ ናይሮቢ ላይ አንደኛ የወጣውን ሰርቨር ስልኬ ላይ ቆልፌበት ነበር። ስልኬ «ከናይሮቢው በቀር ማንንም አልጠይቅም» ይላል። የሆቴሉ በር ደግሞ «እኔን ሳትጠይቅ የትም አትወጣም» ይላል። ሁለት ግትር መሀል ላይ እኔ። በዚያ ልብስ፣ በባዶ እግሬ፣ ደረጃውን ወርጄ እንግዳ መቀበያው ጋ ደረስኩ። ልጅቷ ጭፈራው የተጀመረ መስሏት አጨበጨበችልኝ። ሊድያ ናት መጥታ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ያንን ቁልፍ ያነሳችው። ገጹ እዚያው ብቅ አለ። «የራስህ ፍጥነት ነው የያዘህ» አለችኝ። እኔ አሁንም የሆቴሉ ጥፋት ነው እላለሁ። ሰው እንግዳ ሲመጣበት በር ላይ ያስቆማል እንዴ?

መልሼ ስደውል ማቲ አነሳ። አፉ ሥጋ ሞልቶ «አልቋል፣ መርቆሃል፣ በጣም ደስ ብሎታል» አለኝ። እንዴት ተደርጎ? አሜን ሳልል? የነገረችኝ አዬ ናት፣ በኋላ፣ በሹክሹክታ። አዋ እጁን አንስቶ ጠበቀ። አንቺ ማቲን ቆነጠጥሽው። የእኔና የማቲ ድምፅ አንድ ነው፣ አዬ ራሷ ከጓሮ ሆና ስትጠራን ትሳሳታለች። እሱም ጎንበስ ብሎ ስልኩ አጠገብ «አሜን» አለ። ከዚያም እያንዳንዱን። የረገጥከው መሬት ይለምልም፣ አሜን። እጅህ የነካው ይበርክት፣ አሜን። ወልደህ ሳም፣ አሜን። ሰባኪያችን ቢሰማ ለስንት እሁድ ስብከት ይሆነዋል!

እሺ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንድ በአንድ እይ። ማቲ የወደቀበትን የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለፈ። ያቺ ሊያገባት ሲጠይቅ ቤተሰቧ «አይሆንም» ያሉት ልጅ፣ ቤተሰቧ «እስቲ ይምጣ» አሉ። ላሟ ሴት ወለደች። እኔስ? ዳሬሰላም መድረክ ላይ ጉልበቴ ወለም አለኝና ወንበር ላይ ተቀምጬ በትከሻ ብቻ ጨረስኩ። ቢያጨበጭቡም ያው ወንበር ላይ ነው። «አጋጣሚ ነው» ብለሽ እንዳትስቂ። አንቺ ያልተመረቅሽ ቀን ከቤት ወጥተሽ አታውቂም።

ይሄን ወረቀት ስጀምር ልልሽ የነበረው ሌላ ነበር። «እሁድ ከጸሎት መልስ አዋን ቁጭ አድርጊና እውነቱን ንገሪው፣ ማቲም ይቅርታ ይጠይቅ፣ አዋም ለእኔ እንደገና ይመርቅ፣ አሁን የሁሉንም ሰርቨር ፍጥነት ስለማውቅ መስመሩ ዝንፍ አይልም» ልልሽ ነበር። ለሊድያ ነገርኳት። እሷ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ዲኤንኤስ ቤቱን ያሳያል እንጂ ድምፅህን ተሸክሞ አያደርስም። ዓመለወርቅ ቤቱን ብታሳይህ፣ ጭቃውን ግን አንተው ነህ የምትሄደው» አለችኝ። ከአገር አገር ስለካ የከረምኩት ሁሉ ለቪዲዮው መቆራረጥ ይሄን ያህል አይረዳም ማለት ነው። ገጽ ሲከፈት ይፈጥናል፣ አዎ፣ አንደኛ ነኝ፣ ማንም አይክደኝም። የአዋ እጅ በተነሳ ሰዓት መስመሩ አይቆረጥም ብሎ የሚምልልኝ ቁጥር ግን የለም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቦጋለ ሚስቱ የዱቦ ልጅ ናት፣ ከእሷ የሰማውን ነገረኝ። አዋ በጸሎት ቤት በር ላይ፣ በገበያም፣ ሰው ያገኘበት ሁሉ አንድ ወሬ ነው አሉ ያለው። «የልጄ ስልክ እንዴት ያለ ስልክ መሰላችሁ! ሩዋንዳ ሆኖ አሜን ሲል ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነበር!» ይላል አሉ። ትንፋሹማ ይኖራል፣ ማቲ አጠገቡ ተቀምጦ! መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ልሞት ነበር። ከዚያ ሳቄ ቆመ።

ሩት፣ አዋ ስለ እኔ ሰው ፊት አውርቶ ያውቃል? አንቺ ከትምህርት ስትመረቂ ጋቢውን ለብሶ ሶዶን ዞረ። ስለ ማቲ እርሻ ያወራል። ስለ እኔ ሲጠየቅ «እሱ ያው ይጨፍራል» ነበር የሚለው፣ ፊቱን ዞር አድርጎ። አሁን ዓይኑ ደክሞ፣ ሰውን በድምፅ እየለየ፣ በየበሩ ስለ እኔ ጉራ ይነዛል። ጉራውን ከማን እንደወረስኩት አሁን ነው የገባኝ። እና አሁን አንቺ ሄደሽ «አዋ፣ ያ እኮ ማቲ ነው» ትዪዋለሽ? ዓይኑን ያጣ ሰው ጆሮውንም እንዳያምን? በገበያ ያወራውን ሁሉ ምን ያደርገዋል?

አትንገሪው። የጊፋታውን ማቲ ይውሰደው። ልብሴን ሲወስድብኝ ኖሯል፣ ይሄንንም ይልበሰው፣ ያምርበት፣ ያቺን ልጅ ያግባ። ከልቤ ነው፣ ግማሽ ልቤ።

ግን አሁን ሌላ መንገድ መጥቷል። ጋሽ እሸቴ ዱባይ ካለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጋር ለረጅም ጊዜ እንድንጨፍር ተስማሙ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብተን ቪዛ እስኪወጣ እናርፋለን፣ ከዚያ እንሄዳለን። ቶሎ መመለስ የለም። አዲስ መንገድ ደግሞ አዲስ ምርቃት ይፈልጋል፣ ይሄንን አዋ ራሱ ነው ያስተማረን፣ ቦምቤ ገበያ ለመሄድ እንኳ ራሳችንን ይዞ ነበር የሚሸኘን። እኔ ራሴን እንዲይዘኝ እፈልጋለሁ ሩት። በስልክ ራስ አይያዝም። ጋሽ እሸቴ «ቤተሰብ የሚጠራው ካለ ሄዶ ይመለስ፣ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ» ብለዋል።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። አዋን «ቃል ዱባይ ሊሄድ ነው፣ ለምርቃት ይምጣ?» ብትዪው ምን ይልሻል? «ምን ያደክመዋል፣ ደውሉለት፣ ስልኩ እንደሆነ አጠገቤ የተቀመጠ ነው የሚመስለው» ይልሻል! ይላል፣ አውቀዋለሁ። በግድ መጥቼ ደግሞ ሰው ፊት «በስልክ መርቄህ የለ እንዴ፣ ምን ፈልገህ መጣህ?» ቢለኝ በየት በኩል ልግባ? ስለዚህ አንቺ ቅዳሜ ዱቦ ውረጂ። ማቲን ወደ ሥራው ሸኚው። ከዚያ አዋ ጎን ተቀመጪና «ያ ድምፁ ጥርት ያለው ስልክ አሁን አይጠራም፣ ቃል የአንተን እጅ ራሱ ላይ ማግኘት ይፈልጋል» በዪው። ውሸት አይደለም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከዚያ በፊትም ጠርቶ አያውቅም። እሱ በአፉ «ይምጣ» ካለ እመጣለሁ። «ስልክ ይበቃል» ካለ አዲስ አበባ ላይ ሻንጣዬን ሳልፈታ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ግን አሜን የሚለውን ሰው ከአሁኑ ፈልጉ፣ እኔ ደውዬ አልልም።

አዬን ሳሚልኝ፣ ጉልበቷን በሙቅ ውኃ እንድታሸው ንገሪያት፣ የነገረችኝን እንደነገርኩሽ ግን እንዳታውቅብኝ። አዋን እጁን ሳሚልኝ፣ የማን ሰላምታ እንደሆነ ሲጠይቅሽ ሙሉ ስሜን ጥሪለት። ዓመለወርቅን «ዓለም ሁሉ ስላንቺ ያወራል» በያት፣ ምን ማለት እንደሆነ አትንገሪያት፣ ሚዛኗን ትጣለው። በረንዳው ላይ ላሉት ሽማግሌም ሰላም በያቸው፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ራሳቸው ይንገሩሽ። የላሟን ጥጃ ግንባሯን እሺልኝ። ማቲንም ሰላም በዪው፣ ለመንጃ ፈቃዱ እንኳን ደስ ያለው፣ ቀስ ብሎ ይንዳ። አንቺ ራስሽን ጠብቂ፣ ሻሹን ፍቺና ሐኪም ቤት ሂጂ።

ወንድምሽ ቃለሕይወት ቦሼ
ካምፓላ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

አሁን ሳሰላው፣ ቦጋለ ይሄን እጅሽ ላይ ሲያደርስ ዓርብ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቅዳሜ እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሚኒባስ ያዢና ሂጂ። ምክንያት አልፈልግም፣ ምክር አልፈልግም፣ አዋ «ይምጣ» አለ ወይስ አላለም? አንድ ቃል። ቶሎ መልሺ!